ሰዓዳ በመጋዘኑ በር

የእትዬ ሰዓዳን ሞት የሰማሁት ኮምቦልቻ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የያዘ ፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። ድሮ ሐይቅ ያስተማርኳት ልጅ ከሚኒባስ ስትወርድ አየችኝና እየሮጠች መጥታ አቀፈችኝ። ሰላምታው ሲያልቅ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ «ቲቸር፣ የእትዬ ሰዓዳስ ነገር! አላህ ይርሐማቸው» አለች።

«ምን ሆነች?»

ልጅቷ ደነገጠች። «አልሰሙም እንዴ? ባለፈው ጁምዓ እኮ ነው የቀበርናቸው። ስኳሩ ጸንቶባቸው ነበር። እኔማ ለቅሶው ላይ ሳጣዎት…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ስታጣኝ ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። ሐይቅ ከኮምቦልቻ ሩቅ አገር አይደለም፤ ቁርሱን በልቶ የተነሳ ሰው ምሳ ሳይርበው ይደርሳል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ስልክ ያልደወለልኝ ዘመዷ ነች ብሎ የቆጠረኝ ስላልነበረ ነው። አልፈርድባቸውም።

መጀመሪያ ያወቅኳት በአከራይነቷ ነው። ትውልዴ ውጫሌ ነው። አስተማሪ ሆኜ ሐይቅ ስመደብ፣ አስፋልቱ ዳር አሳ የምትጠብስ ሴት ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ከፊት አሳ ቤቷ፣ ከኋላ እሷና ልጇ ጀማል የሚኖሩበት ቤት፣ ከጎኑ የኔ ክፍል። ባሏ የሞተው ጀማል ገና በእቅፍ ሳለ ነው፤ ብቻዋን ነው ያሳደገችው። መጀመሪያ ሰሞን አንቱ ስላት ሳቀችብኝ። «አንቱማ ሼሁ ናቸው። እኔን አንቺ በይኝ፤ አንቱ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል።» ጾም ሲገባ ለኔ ብቻ የምትሠራበትን ድስት ለይታ ግድግዳው ላይ ትሰቅልልኝ ነበር። ሌላ ሰው ሲያወርደው ካየች ጉድ ይፈላል።

ቁጡ ናት። ድምጿ ከወጥ ቤት ተነስቶ አስፋልቱን ተሻግሮ ይሰማል። አንድ ቀን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር አሳው ዘገየብኝ ብሎ አስተናጋጇን በእናቷ ሰደባት። እትዬ ሰዓዳ የአሳ ቅርፊት የተለጠፈበት ሽርጧን እንደታጠቀች ወጣችና፣ ሰውየው ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሳ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው።

«ምን አደረግኩ?» አለ።

«ወይ ብላ፣ ወይ ተሳደብ። በአንድ አፍ ሁለቱን አይቻልም» አለችው። ሾፌሩ አስተናጋጇን ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር እሷ ቤት ካልበላ አያልፍም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ ሞገስ ከውጫሌ መጥቶ ባጃጅ መንዳት ሲጀምር የሷ ቤት ልጅ ሆነ። ከጀማል ጋር እኩያሞች ናቸው። ጀማል የመብራት መስመር ይዘረጋል። ኳስ ባለ ቀን ሁለቱ አሳ ቤቱ ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጮሁ፣ እሷ ከወጥ ቤት ማንኪያ እያወዛወዘች፣ «ኧረ ደንበኛዬን አታባሩብኝ!» ትላለች።

ለውጡ ከመምጣቱ በፊት አገሩ ሲታመስ የሐይቅ ወጣቶችም አንድ ቀን አስፋልቱን ዘጉ። ጓደኞቻቸው ታስረው፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ከርመው ነበር። ፖሊሶቹ በአንድ ወገን ተሰልፈዋል፣ ልጆቹ በሌላው ወገን ድንጋይ ይዘዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ እያየሁ ነው። እትዬ ሰዓዳ እጇን እየጠረገች ወጣችና በመሀላቸው ገባች።

«ድንጋዩን ጣሉት።»

«እትዬ፣ እነሱ እኮ መሣሪያ ይዘዋል» አላት አንዱ።

«ለሱ አይደል ጣሉት የምለው! አንተ ድንጋይ ካነሳህ ለሱ ጥይት ሰበብ ሰጠኸው። ቁጭ በል። የተቀመጠን ሰው የመታ፣ ማታ እናቱ ቤት ሲገባ ያፍራል።»

ይህን ብላ እሷ ቀድማ ትኩሱ አስፋልት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ልጆቹ ተያዩ። ጀማል መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፣ ሞገስ ተከተለ፣ ከዚያ ድንጋዩ አንድ ባንድ ከየእጁ ወደቀ። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የወልድያም የደሴም መኪና ተደርድሮ ቆመ። የፖሊሶቹ አዛዥ መጥቶ በላያችን ቆመና፣ «የምትፈልጉት ምንድን ነው?» አለ። «ልጆቹን ዳኛ ይያቸው» አለችው፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሽማግሌ ገባ፣ ብዙ ተወራ፣ እኛ ተቀምጠን ቆየን። በዚያ ቀን ሐይቅ ላይ አንድም ጥይት አልተተኮሰም፤ የታሰሩትም ሳይቆዩ ችሎት ቀረቡ። ለረጅም ጊዜ የዚያን ቀን ወሬ ሲነሳ፣ «እኔ እኮ ከእትዬ ሰዓዳ ጎን ነበርኩ» እያልኩ እኩራራ ነበር።

ለውጡ መጣ። እስረኛ ተፈታ፣ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ተሰበሰበ፣ አዲስ የተሾሙት ሰዎች ከመድረክ ሆነው ዘመኑን አመሰገኑ። እሷ እጇን አወጣች። «የታሰሩት በመፈታታቸው ደስ ብሎናል» አለች። «ነገ ደግሞ እናንተን የማይወድ ሰው መጥቶ ሲያስራችሁ፣ ዳኛ ፊት አቅርቧቸው የሚልላችሁ ማነው? እሱን ከአሁኑ አበጁት።» አዳራሹ ሳቀ። ሰውየውም ፈገግ ብሎ፣ «እናታችን፣ ያ ዘመን አልፏል» አላት። ስትቀመጥ ወደኔ ጠጋ ብላ፣ «አላህ ያሳልፈው» አለች። እኔም ከሳቁት አንዷ ነበርኩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ታጣቂዎቹ ወደ አምባሰል ሲቃረቡ አሮጊት እናቴን ከውጫሌ አወጣሁና በተገኘው መኪና ወደ ደቡብ ሸሸን። ሞገስን ና ብንለው ባጃጄን ጥዬ አልሄድም አለ። እትዬ ሰዓዳም እንቢ አለች። «እኔ እንደ አሳው ነኝ፤ ከሐይቁ ካወጣችሁኝ እሞታለሁ» አለችኝ። ጀማል እናቱን ትቶ የሚሄድ ልጅ አልነበረም።

ሠራዊቱ ከተማውን መልሶ ይዞ ስንመለስ፣ ገና ከመኪና ሳልወርድ ነው የነገሩኝ። ታጣቂዎቹ ጀማልን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ወሰዱት። የመብራት መሣሪያ ይዞ ሲንቀሳቀስ አይተው፣ ለመንግሥት ወሬ ያቀብላል ብለውታል። ሬሳው ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ተገኘ። እናቱና ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው አንስተው የቀበሩት።

ጀማልን ወደዚያ ወስዳ ያደረሰችው የወንድሜ ባጃጅ ናት።

ሠራዊቱ ሲገባ ሞገስም በዚያው ተይዞ ነበር። ከጠላት ጋር አብረዋል የተባሉ ብዙ ሰዎች ድሮ እህል ይከማችበት የነበረ መጋዘን ውስጥ ታጉረዋል። ችሎት የለም፣ ጠያቂ አይገባም። «ሌላ ቦታ ሊወስዷቸው ነው» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር፤ የት እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ሰው ሐዘን ላይ ነው። ቤቱ የተዘረፈ፣ ልጁ የሞተበት፣ ሚስቱ የተደፈረችበት ሰው፣ «ዳኛ ምን ያደርጋል?» ቢል እንዴት ይፈረድበታል?

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ሰዓዳ አለች፤ ሄጄ አላህ ያጽናሽ ማለት አቃተኝ። በየትኛው ፊቴ? በማግስቱ ጠዋት ራሷ መጥታ በሬን አንኳኳች። ከስታ ነበር፤ ሽርጧን ስላልታጠቀች ያችው ሴት መስላ አልታየችኝም። ተነስቼ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ እንዲህ አታድርጊ። ለወንድምሽ ምግብ አስገባሽለት?»

«ከለከሉኝ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልጄን የወሰደችው የሱ ባጃጅ ናት» አለች።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ።»

«በውዱ ይሁን በግዱ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። የሚያውቁት እሱና አላህ ናቸው። እኔ ደግሞ እሱን ዳኛ እንዲጠይቅልኝ እፈልጋለሁ። ነገ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከጣሉት ማንን ልጠይቅ ነው?» ተነሳችና ወደ በሩ ሄደች። «እዚያ በር ላይ ልቀመጥ ነው። ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኳት።

ያን ቀን አልሄድኩም። በሚቀጥለውም ቀን አልሄድኩም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ የተጠርጣሪ እህት ነኝ፣ ቢያስሩኝ እናቴን ማን ይጦራል እያልኩ ለራሴ ስነግር ሰነበትኩ። ምክንያቶቼ ሐሰት አልነበሩም። እሷ ግን ሰሌኗን ይዛ ሄዳ የመጋዘኑ በር ፊት ለፊት አንጥፋ ተቀመጠች። የሚጠብቁት ሰዎች መጀመሪያ ያበደች መሰላቸው። አለቃቸው ቀርቦ፣ «እማማ፣ የልጅዎን ገዳዮች እኮ ነው የያዝንልዎ» አላት።

«ከያዛችኋቸው ዳኛ ፊት አቅርቧቸው።»

«ጊዜው የጦርነት ነው።»

«ልጄም የሞተው በጦርነት ጊዜ ነው። ሲወስዱት ዳኛ አልነበረም። እናንተም እንደነሱ ዳኛ ከሌላችሁ፣ ልዩነታችሁን ንገረኝና ልነሳ።»

ሰውየው ትቷት ተመለሰ። አላስነሳትም። ሶላቷን እዚያው ትሰግዳለች፣ ውኃዋን እዚያው ትጠጣለች፣ ሲመሽ ትገባና ሲነጋ ተመልሳ ትቀመጣለች። ቀስ በቀስ የታሳሪ እናቶች ከሩቅ እያዩ፣ አንዷ መጥታ ጫፉ ላይ፣ ሌላዋ ከሷ ቀጥሎ መቀመጥ ጀመሩ። ነጠላ ለባሽም ጥቁር ሒጃብ ለባሽም ነበሩበት። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። የጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ነው የሚያገኘው፤ ዳኛ ይያቸው።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲ ውስጥ ቆሜ ነበር የማያት። አንድ ቀን ከተማው ውስጥ የታወቀ፣ ወንድሙ የተገደለበት ጎረምሳ መጣና፣ «የባንዳ ጠበቃ!» ብሎ ጮኸባት። ቀና ብላ በስሙ ጠራችው፣ «ና፣ ተቀመጥ» አለችው። ከመሬት ድንጋይ አነሳና ወረወረ። ግንባሯን መታት። ሴቶቹ ተንጫጩ። እሷ በሻሿ ጫፍ ደሟን ይዛ እንደተቀመጠች ቀረች፤ ልጁን ሊይዙት የተነሱትን ጠባቂዎች፣ «ተዉት፣ ወንድሙን ቀብሮ ነው የመጣው» አለቻቸው። ጎረምሳው እጁን እያየ ቆሞ ቀረ። እኔ የፋርማሲውን በር እንደያዝኩ ነበር። አልወጣሁም።

በማግስቱ ሄድኩ። ግንባሯ በፋሻ ታስሯል። አጠገቧ ስቀመጥ አየችኝ፤ አልወቀሰችኝም። ሰሌኑን ወደኔ ጎተት አደረገችና፣ «መሬቱ ይበርዳል፣ በደንብ ተቀመጪ» አለችኝ ብቻ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የሸሹት ዳኛ ተመልሰው ሲመጡ ሴቶቹ አሁንም እዚያው ነበሩ። እስረኞቹ በየተራ ችሎት እንዲቀርቡ ታዘዘ። ፍርድ ቤቱ ተዘርፎ በርና መስኮቱ ስለተነቀለ ችሎቱ የተከፈተው እኛ ትምህርት ቤት፣ እኔ ሳስተምርበት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው። የሞገስ ቀን ሲደርስ ክፍሉ ሞላ፣ በመስኮት የሚያይም ነበር። የጀማል አጎት፣ የሟች ባሏ ወንድም፣ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ወንድሜ ገርጥቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ወለል ወለሉን እያየ ቆመ። ዐቃቤ ሕጉ እትዬ ሰዓዳን ለምስክርነት ጠራት። ሁሉም ሰው ምን እንደምትል የሚያውቅ መስሎት ነበር። እኔም የማውቅ መስሎኝ የነጠላዬን ጫፍ በጥርሴ ይዣለሁ።

«ልጅዎ ሲወሰድ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«ማን ወሰደው?»

«ሦስት መሣሪያ የያዙ ሰዎች። በባጃጅ።»

«ባጃጇን ማን ይነዳ ነበር?»

ወደ ሞገስ ዞረች። «እሱ» አለች። ክፍሉ ተንሾካሾከ።

«በፈቃዱ ነው ያመጣቸው?»

የጀማል አጎት ከመቀመጫው ብድግ አለ። ዳኛው አስቀመጡት።

«ባጃጇን አይቻለሁ» አለች እትዬ ሰዓዳ። «እሱን አይቻለሁ። ከኋላው የተቀመጠው ሰው የመሣሪያውን አፈሙዝ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ እሱንም አይቻለሁ። ልቡን አላየሁም። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ሌላ ምስክር አልተገኘም። ሞገስ ተፈታ። ከታሰሩት ውስጥ የተፈረደባቸው አሉ፣ የተፈቱም አሉ፤ ሁሉም ግን ዳኛ አይቷቸዋል። ከዚያ መጋዘን ማንም ወዳልታወቀ ቦታ አልተወሰደም። ይህን ያደረገችው ሰሌን ላይ ተቀምጣ ነው።

የጀማል አጎት ከችሎት ሲወጣ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜን አላገባሽም፣ ልጁንም አልወለድሽም» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ከተፈታ በኋላ ሞገስ ክፍሌ ውስጥ ተደብቆ ሰነበተ። እሷ በኔ በኩል ላከችበት፤ አንድ ነገር ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ ይምጣ አለች። እየገፋሁ ወሰድኩት። ደንበኛ በሌለው አሳ ቤት ውስጥ፣ ድሮ ከጀማል ጋር ኳስ የሚያዩበት አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው።

«መንገድ ላይ ልጄ ምን አለ?» አለችው።

ሞገስ አቀርቅሮ፣ «ውኃ ጠማኝ አለ» አለ።

«ሰጡት?»

«አልሰጡትም።»

«አንተስ ጋ ውኃ አልነበረም?»

«ነበር። ከፊቴ በላስቲክ ነበር። እየነዳሁ ነበር። በስሜ ጠራኝ። ሞጌ፣ ውኃ አለህ? አለኝ። ፈራሁ፣ እትዬ። የለኝም አልኩት።»

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። «አፉ ደርቆ ነበር» አለች ለራሷ፤ «ሳጥበው አይቼዋለሁ።» ከዚያ ሞገስን እያየች፣ «እውነቱን ነገርከኝ። በቃ፣ ሂድ» አለችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። አልምርህም አላለችም። እሱም ከተማው ውስጥ መኖር አልቻለም፤ ወደ ባሕር ማዶ ልሄድ ነው ብሎ ወጣ፣ ዛሬ ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ግመል ይጠብቃል። ስልክ ሲደውል ስለ እትዬ ሰዓዳ አይጠይቅም።

እኔም ቆየት ብዬ ወደ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ። የሰው ዓይን ከበደኝ። ከዓይኑ እኔ ስሸሽ ዓይኑ የቀረው እሷ ላይ ነው። አሳ ቤቷ ጭር አለ፤ ድሮ ጉርሻ ሲሻሙ የነበሩ ደንበኞች ተሻግረው ማዶ መብላት ጀመሩ። የባንዳ ጠበቃ የሚለው ስም አልለቀቃትም። እሷ ግን በየበዓሌ፣ በገናም በፋሲካም፣ ትደውልልኝ ነበር። «እንዴት ነሽ? ልጁ ደወለ ወይ? በረሃው አይጎዳውም?» ትለኛለች። ለአረፋ መደወል የነበረብኝ እኔ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ነበር ትዝ የሚለኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችልኝ አገሩ ዳግመኛ ሲረበሽ ነው። እንደገና ወጣቶች ይታፈሱ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ያኔ ድንጋይ የወረወረባት ጎረምሳ ራሱ ተይዞ ነበር። እናቱ መጥታ እግሯ ላይ ወድቃለች።

«ነገ የታሰሩበት በር ላይ ልንቀመጥ ነው» አለችኝ። «ሰው አንሶናል። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ትመጫለሽ?»

«እትዬ፣ ፈተና ላይ ነን። ተማሪዎቼን…»

«ፈተና ከሆነማ ይሁን» አለችኝ። ቅያሜ የለበትም። «አብሽሪ። ሌላ ጊዜ።»

ፈተናው እውነት ነበር። ፈቃድ ብጠይቅ ግን ይሰጠኝ ነበር፤ አልጠየቅኩም።

ሞቷን በሰማሁ ማግስት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አሁንም ሰው ነበር። የጀማል አጎት ወንዶቹ መሀል ተቀምጦ አየሁት፤ መጥቷል። ሴቶቹ ካሉበት ገባሁና ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የማላውቃት፣ በዕድሜ የገፋች ሴት ፊቷን በሻሿ እየጠረገች ታለቅሳለች።

«የሥጋ ዘመዷ ነዎት?» አልኳት።

«ኧረ አይደለሁም። ልጄ ግንባሯን በድንጋይ የመታት ነው» አለችኝ። «እሷ ዝናብ እየመታት ተቀምጣ ዳኛ ፊት አስቀርባልኛለች። ተፈትቶልኛል፤ ያውልሽ፣ ድንኳኑን የተከለው እሱ ነው።» አፍንጫዋን ጠረገችና ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺስ፣ የኔ ልጅ? በምን ታውቂያታለሽ?»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው መልሴን ጠበቁ። ወንድሜን ከመጋዘን ያወጣችው ናት ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«ተከራይዋ ነበርኩ» አልኳት።